ክረምቱ ሲወጣ፤ የጣና ሐይቅ ዓሣና የወንዞቹ አፍ ታሪክ

የሐይቅ ዓሣ አስጋሪ ዘመኑን የሚቆጥረው በውሃው ቀለምና በውሃው ከፍታ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ሲደርሱ ወደ ጣና የሚገቡት ወንዞች ከየተራራው የጠረጉትን አፈር ተሸክመው ይወርዳሉ፤ ዳርቻውም ይደፈርሳል። መስከረም ጠብቶ ዝናቡ ሲሳሳ ሐይቁ ከዓመቱ ከፍታ ሁሉ የሚበልጠውን ይይዛል፤ በዚህ ጊዜና በሰኔ መግቢያ በሚታየው ዝቅታ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ይሆናል። መስከረም 26 ቀን መፀው ሲገባ ወንዞቹ መጥራት ይጀምራሉ። ለገበሬው ይህ የአበባና የእሸት ተስፋ ወቅት ነው። ለዓሣ አስጋሪው ግን ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ያለው ጊዜ ነጭ ዓሣ በወንዞች አፍ የሚከማችበትና በሌላው ወር በጭንቅ የሚገኘው በአንድ ሌሊት መረብ የሚሞላበት ነው።

ዓሣው በወንዙ አፍ የሚከማችበት ምክንያት የታወቀ ነው፤ እንቁላሉን ለመጣል ወደ ላይ ሊወጣ ነው። እንግዲህ በዚህ ወቅት በአንድ ሌሊት የሚገኘው በረከት የመጪዎቹ ዓመታት በረከት ጭምር ነው። በሙያው የተሰማሩ ሰዎች ሁሉ የጣናን ታሪክ ደጋግመው ሊመለከቱት የሚገባቸውም ስለዚህ ነው። አንድ የዓሣ ሀብት በሰው እጅ ሳይደርስ ለብዙ ዘመን እንዴት እንደቆየ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ደግሞ እንዴት ሊመናመን እንደሚችል ከዚህ ሐይቅ ይበልጥ ግልጽ አድርጎ የሚያሳይ ስፍራ በአገሪቱ ጥቂት ነው።

ሐይቁና ዓሣዎቹ

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ የሚገኝ፣ ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ፣ የአገሪቱ ትልቁ ሐይቅ ነው። በስፋቱ መጠን ግን ጥልቅ አይደለም፤ አማካይ ጥልቀቱ 8 ሜትር፣ ከሁሉ የጠለቀው ስፍራ ደግሞ 14 ሜትር ገደማ ነው። ከጉና ተራራ የሚነሡት ርብና ጉማራ በምሥራቅ፣ መገጭና ድርማ በሰሜን፣ ግልገል ዓባይ በደቡብ ምዕራብ ይመግቡታል። መውጫው ዓባይ ብቻ ነው። ዓባይም ከሐይቁ ጥቂት እንደራቀ ጢስ ዓባይ ላይ 40 ሜትር ያህል ይወረወራል። ይህን ፏፏቴ ከታች ወደ ላይ የሚያልፍ ዓሣ የለም። በታችኛው ዓባይ፣ በባሮና በጫሞ የሚታወቀው ትልቁ የናይል ፐርች በጣና የማይገኘውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሐይቁ ዛሬ በሚታየው መልኩ ሁልጊዜ አልኖረም። ከታችኛው ደለል የተወሰዱ ናሙናዎች እንዳመለከቱት ከ16,000 ዓመት በፊት ገደማ ጣና ደርቆ ነበር። ዛሬ በውስጡ ያለው የዓሣ ማኅበር ውሃው ተመልሶ ከሞላ በኋላ የተደራጀ ነው። በተፈጥሮ ታሪክ ሚዛን ይህ እጅግ አጭር ዘመን ነው።

በገበያ የሚታወቁት ዓሣዎች ሦስት ወገን ናቸው። አንደኛው ቆሮሶ ነው፤ በዳርቻው ሣርና ደንገል አጠገብ ይኖራል። ሁለተኛው አምባዛ ነው፤ ቅርፊት የሌለው፣ ጢም ያለው፣ በጭቃማ ውሃ የሚጸና፣ ክረምቱ ሲገባ ወደ ፎገራ ሜዳ በሚፈሰው ጎርፍ ገብቶ የሚራባ ነው። ሦስተኛው ነጭ ዓሣ የሚባለው ትልቁ ባርበስ ነው። ቆሮሶና አምባዛ በሌሎች የኢትዮጵያ ሐይቆችም ይገኛሉ። የጣና ነጭ ዓሣ ግን በአንድ ስም ይጠራ እንጂ በውስጡ ብዙ ዘር የያዘ ነው፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ በዓለም ላይ ከዚህ ሐይቅ በቀር ሌላ ቤት የላቸውም።

የደንገል ታንኳ ዘመን

ለብዙ መቶ ዓመታት የጣናን ዓሣ ሲያሰግሩ የኖሩት በተለይ ነገደ ወይጦ ናቸው። ጎረቤቶቻቸው ጉማሬ ይበላሉ በሚል ሲያገልሏቸው፣ መሬት እንዳይዙም ሲከለክሏቸው ኖረዋል። ሐይቁን ግን ከእነርሱ የበለጠ የሚያውቀው አልነበረም። ታንኳ መሥራት፣ ሰሌንና ቅርጫት መስፋት፣ ዓሣ ማጥመድ መተዳደሪያቸው ነበረ። የቀድሞ ቋንቋቸው ጠፍቶ ዛሬ የሚናገሩት አማርኛ ነው።

ታንኳው የሚሠራው ከደንገል ነው። ደንገሉ ተቆርጦ ይደርቃል፣ በነዶ በነዶ ይታሰራል፣ አፍንጫው ወደ ላይ ይቀለበሳል። በጥንታዊት ግብፅ ሥዕሎች ላይ የሚታየውን የደንገል ጀልባ የተመለከተ ሰው የጣናን ታንኳ ሲያይ መመሳሰላቸው ወዲያው ይታየዋል። ታንኳ ርካሽና ቀላል ነው፤ ነገር ግን ውሃ ይጠጣል። ከውሃ ወጥቶ በየጊዜው ካልደረቀ ይከብዳል፣ ይበሰብሳል፤ ዕድሜውም በወራት የሚቆጠር ነው። ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር ማገዶና ቡና ሲያመላልስ ኖሯል፤ ሆኖም ነፋስ ሲነሣ ከዳርቻው እጅግ መራቅ አይችልም።

ይህ የታንኳው ድክመት ለዓሣው ጥበቃ ሆኖ ቆይቷል። አስጋሪው የሚደርሰው በዳርቻው ብቻ ነበር፤ መረቡም አጭር፣ መንጠቆውም ጥቂት። የሐይቁ መካከል ለዓሣው የማይደፈር መጠጊያ ነበረ። ዓሣው ለመራባት ወደ ወንዞች ሲወጣ በወጥመድና በመረብ ይያዝ ነበር፤ ጥራቱ በጀመረው ወንዝ ላይም የብርብራ ፍሬ ደርቆ፣ ተወቅጦና ተፈጭቶ ይበተን ነበር። የብርብራ ዱቄት ዓሣውን አደንዝዞ ወደ ላይ ያንሳፍፈዋል። ይህ ዘዴ ትልቁንም ትንሹንም ሳይለይ የሚጨርስ ክፉ ዘዴ ነው፤ የሚያደርሰው ጉዳት ግን በአንድ ኩሬ ወይም በአንድ የወንዝ ክፋይ ይወሰን ነበር።

ገበያውም ቢሆን ሰፊ አልነበረም። በደጋው ዓሣ የዘወትር ምግብ አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚፈልገው በጾም ወራት፣ በተለይ በዐቢይ ጾም ነው። ይህም ጾም በክረምት መውጫ ሳይሆን በበጋ የሚውል በመሆኑ፣ ዓሣው በሚራባበት ጊዜ የገበያው ግፊት የላላ ነበር። የመጓጓዣና የማቀዝቀዣ እጦት ደግሞ ከቋንጣ በስተቀር ዓሣውን ከሐይቁ ዳር እንዳይርቅ ያደርገው ነበር። እንግዲህ የጣና ዓሣ የኖረው በሰው ጥበቃ ሳይሆን በሰው አቅም ማነስ ነበር ቢባል ስሕተት አይሆንም። ታንኳው ደካማ ነበር፤ መረቡ አጭር ነበር፤ ገበያውም ሩቅ ነበር።

አንድ ዓሣ ወይስ ብዙ?

የጣናን ዓሣ በሳይንስ መዝገብ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሰፈረው ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል ነው። ከ1831 እስከ 1834 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያን ጎብኝቶ የሰበሰባቸውን ናሙናዎች ወደ ፍራንክፈርት ወሰደ፤ በ1835 እ.ኤ.አ. ደግሞ ገለጻቸውን አወጣ። ሩፔል ከዓሣዎቹ ለአንዳንዶቹ የሰጠው ስም ከሐይቁ ሰዎች አፍ የሰማውን ነው፤ ቤሶ፣ ጎርጓሪ፣ ሱርኪስ የሚሉት ስሞች እስከ ዛሬ በላቲን መዝገብ ላይ አሉ። ላቤዮባርበስ የተባለው የወገን ስም ራሱ የተመሠረተው እርሱ ከጣና በገለጸው ዓሣ ላይ ነው።

ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ወደ ጣና የተላከው የጥናት ቡድን የሰበሰበውን መሠረት አድርጎ ጆርጆ ቢኒ በ1940 እ.ኤ.አ. ስለ ጣና ዓሣዎች ሰፊ ሥራ አሳተመ። ቢኒ ትልልቆቹን ባርበሶች በአፋቸው ቅርጽ፣ በራሳቸው ርዝመት፣ በጀርባቸው ቁመት እየለየ ብዙ ስም ሰጣቸው። በ1973 እ.ኤ.አ. ግን ባኒስተር የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካን ትልልቅ ባርበሶች እንደገና መርምሮ፣ ቀድሞ የተሰጡትን በርካታ ስሞች በአንድ ስም ሥር ጠቀለላቸው። በዚህም መሠረት የጣና ነጭ ዓሣ መልኩ የሚለዋወጥ አንድ ዘር ብቻ ተብሎ ተቆጠረ። ይህ አስተያየት በመጽሐፍ ላይ ብቻ የሚቀር ክርክር አልነበረም። ዓሣው አንድ ዘር ከሆነ፣ በአንድ ስፍራ ቢያንስ በሌላው ስፍራ ይተካል ማለት ነው፤ በአንድ ወንዝ ቢጠፋ ከሌላው ይመጣል ማለት ነው።

በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በባሕር ዳር የሠሩት የሆላንድ ተመራማሪዎች ሌዮ ናገልከርከ፣ ፈርዲናንድ ሲቢንግና ባልደረቦቻቸው ይህን አስተያየት ገለበጡት። በ1994 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ የጣና ባርበሶች የተረሱ የዘር ማኅበር መሆናቸውን አመለከቱ፤ ቀጥለው በሠሩት ሥራም ዓሣዎቹ በቅርጽ፣ በምግብ፣ በመኖሪያ ጥልቀትና በመራቢያ ስፍራ የተለያዩ 15 ዘሮች መሆናቸውን ገለጹ። ከእነዚህም ስምንቱ ሌላ ዓሣ በልተው የሚኖሩ ናቸው። ይህ የሚያስደንቀው የባርበስ ወገን በመንጋጋው ላይ ጥርስ የሌለው፣ በተፈጥሮው አዳኝ ለመሆን ያልታደለ ዓሣ በመሆኑ ነው። በሌሎች የአፍሪካ ሐይቆች ይህን ስፍራ የሚይዙት ባለ ጥርስ ዓሣዎች ናቸው። በጣና ግን ፏፏቴው እነዚያን ስለከለከላቸው ባርበሱ ባዶውን ስፍራ ራሱ ያዘው።

እንዲህ ያለ የትልልቅ ባርበስ መሰል ዓሣዎች ማኅበር በዓለም ላይ የታወቀው በሁለት ሐይቆች ነበር። ሌላው በፊሊፒንስ የሚገኘው የላናው ሐይቅ ነው። ከውጭ የገቡ አዳኝ ዓሣዎች፣ ከልክ ያለፈ ማስገርና አጥፊ የማጥመጃ ዘዴዎች ተባብረው የላናውን ዓሣዎች ጨረሷቸው፤ በ2020 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት የሐይቁና የመውጫ ወንዙ 15 ዘሮች መጥፋታቸውን አስታውቋል። ስለዚህ ጣና ለዚህ ወገን የቀረ ብቸኛ መዝገብ ነው።

ሞተርና ናይለን

በሐይቁ የዓሣ ማስገር ሥራ ላይ ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1986 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያን ጊዜ የግብርና ሚኒስቴር፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንና ከሆላንዷ የዓሣ አስጋሪዎች ከተማ ከኡርክ የመጣ የበጎ አድራጎት ድርጅት ተባብረው የጣናን የዓሣ ሀብት ለማልማት አንድ ፕሮግራም ጀመሩ። ባለ ሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ገባ፤ አስጋሪዎች ተደራጁ፤ ዓሣው ተገዝቶ የሚሸጥበት መንገድ ተከፈተ። ዓላማው ግልጽ ነበር። ድርቅና ረኀብ በአገሪቱ ላይ የደረሰውን ባደረሰ ማግሥት፣ በሐይቁ ውስጥ ሳይነካ የተቀመጠውን ምግብ ለሕዝብ ማቅረብ ተገቢ ሥራ ነበር።

ውጤቱም ወዲያው ታየ። በ1987 እ.ኤ.አ. 39 ቶን የነበረው የዓመት ምርት በ1997 እ.ኤ.አ. ወደ 360 ቶን ከፍ አለ። ባሕር ዳር የዓሣ ከተማ ሆነች። ከታንኳ ወደ ሞተር የተሸጋገረው አስጋሪ የሐይቁን መካከል ደረሰበት፤ ከሁሉ ይበልጥ ግን ሩቅ የነበሩት የወንዞች አፎች በሰዓታት ጉዞ የሚደረስባቸው ሆኑ። ናይለኑ መረብ አይበሰብስም፣ በውሃ ውስጥ በቀላሉ አይታይም። ዓሣው ራሱን በዓይኑ ውስጥ አሾልኮ ወገቡ ሲይዘው ወደ ፊትም ወደ ኋላም መሄድ አይችልም። መረቡ ማታ ይጣላል፤ ጠዋት ይነሣል።

ቀድሞ ዓሣውን ሲጠብቁት የኖሩት ሦስቱ ነገሮች፣ ማለትም የታንኳው ድክመት፣ የመረቡ ማጠርና የገበያው መራቅ፣ በአንድ ጊዜ ተወገዱ። በምትካቸው የሚቆም ሕግ ግን አብሮ አልተተከለም።

የወንዙ አፍ

ከ15ቱ ዘሮች ቢያንስ ሰባቱ ለመራባት ወደ ወንዝ እንደሚወጡ ተረጋግጧል። ጉዞው ሁለት ደረጃ አለው። በመጀመሪያ ዓሣው ከሐይቁ ሁሉ ተሰብስቦ በወንዙ አፍ ይከማቻል። ቀጥሎ የወንዙ ውሃ ሲሞላ ወደ ላይ ይወጣል። ዋናው ወንዝ ግን የመራቢያ ስፍራው አይደለም፤ ደለሉ እንቁላሉን ያፍነዋልና። ዓሣው የሚፈልገው ጠጠር የተነጠፈበት፣ ውሃው የጠራና ፈጥኖ የሚወርድ፣ አየር የጠገበ ገባር ወንዝ ነው። በጉማራ ወንዝ ላይ እንደ ዱካሊት፣ ክዘንና ወንዙማ ያሉት ትናንሽ ገባሮች ለዚህ የተመቹ ሆነው ተገኝተዋል። እንቁላሉ በጠጠሩ መካከል ይፈለፈላል፤ ጫጩቱ ጥቂት ከጠና በኋላ ውሃው ሳይጎድል ወደ ሐይቁ ይወርዳል።

የአንዱ ዘር ጉዞ ከሌላው ጥቂት ቀደም ወይም ዘግየት ይላል። በአጠቃላይ ግን ሁሉም ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ውስጥ በአንድ ጠባብ በር ያልፋሉ። በዚህ በር ላይ የተዘረጋ መረብ ዓሣውን የሚይዘው እንቁላሉን ከመጣሉ በፊት ነው። አንዲት እናት ዓሣ ስትያዝ የሚጠፋው እርሷ ብቻ ሳትሆን በሆዷ ያለው ሁሉ ነው። ነጭ ዓሣ ደግሞ ቶሎ የሚያድግ ዓሣ አይደለም፤ ለመራባት እስኪደርስ ዓመታት ይወስድበታል። እንደ ቆሮሶ በዳርቻው ሁሉ እየተበተነ የሚራባ ቢሆን ጉዳቱ በቀለለ ነበር።

በወንዝ አፍ ማስገር ሌላም ክፉ ጠባይ አለው፤ የዓሣውን መመናመን ከአስጋሪው ይሰውራል። የሐይቁ ዓሣ በግማሽ ቢቀንስ እንኳ የቀረው በዚያው ወቅት በዚያው ስፍራ ስለሚሰበሰብ መረቡ መሙላቱን አያቋርጥም። አስጋሪው ጠዋት መረቡን ሲያነሣ የሚያየው የተሰበሰበውን እንጂ በሐይቁ የቀረውን አይደለም። ገበያውም ሁሉንም ነጭ ዓሣ ብሎ በአንድ ሚዛን ስለሚሸጠው፣ ከ15ቱ የትኛው እየጠፋ እንደሆነ ከሽያጭ መዝገብ ሊታወቅ አይችልም። በ1973 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ላይ የተደረገው መጠቅለል በገበያው ላይ ዘወትር ይደረግ ነበር።

እውነቱን ለማወቅ በሐይቁ ልዩ ልዩ ስፍራ ዘወትር ተመሳሳይ መረብ እየጣሉ መቁጠር ያስፈልግ ነበር። ይህን ያደረጉት ማርቲን ደ ግራፍና ኢትዮጵያውያንና የሆላንድ ባልደረቦቹ በ2004 እ.ኤ.አ. ያወጡት ውጤት ለሙያው ሰዎች ሁሉ ማስጠንቀቂያ ሆነ። በአሥር ዓመት ውስጥ ወደ ወንዝ ወጥተው የሚራቡት ባርበሶች ቁጥር በጠቅላላው በ75 ከመቶ ቀንሶ ተገኘ። ከ5 እስከ 18 ሳንቲ ሜትር የሚደርሱት ታዳጊዎች ደግሞ በ90 ከመቶ ቀንሰው ነበር። ሁለተኛው ቁጥር ከመጀመሪያው የከፋ ነው፤ ያለውን ብቻ ሳይሆን የሚተካውን ማጣት ነውና።

ሕግና ኑሮ

ከዚህ በኋላ የሚደረገው በቃል ቀላል ነበረ። ተመራማሪዎቹ ያቀረቡት ዋና ምክር በመራቢያ ወራት በወንዞች አፍና በወንዞቹ ውስጥ ማስገርን ማቆም ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 ለአገሪቱ የመጀመሪያውን አጠቃላይ መሠረት ሰጠ፤ የአማራ ክልልም የራሱን አዋጅ አወጣ። ሕጉን በውሃ ላይ ማስፈጸም ግን ሌላ ነገር ነው። ሐይቁ ሰፊ ነው፤ ተቆጣጣሪው ጥቂት ነው፤ መረቡም የሚጣለው በሌሊት ነው። ከውጭ የገባው ዓይኑ የጠበበ፣ ባለ አንድ ክር ርካሽ መረብም ከ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ችግሩን አባብሶታል።

የሕጉን ድካም በአስጋሪው ስግብግብነት ብቻ ማሳበብ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። ነሐሴና መስከረም በፎገራና በደንቢያ ለገበሬው የጎተራ መራቆቻ ወራት ናቸው፤ ያለፈው እህል አልቋል፣ አዲሱ አልደረሰም። አዲስ ዓመት ይገባል፤ ልብስና የትምህርት ቤት ወጪ ይመጣል። በዚህ ወቅት በጓሮው በሚያልፍ ወንዝ ውስጥ ዓሣ ተሰብስቦ ሲወጣ የሚያየውን ሰው ‹‹አትንካ›› ብሎ መከልከል፣ በምትኩ የሚሰጠው ነገር ከሌለ፣ ከንቱ ቃል ነው። ለዘመናት መሬት ሳይኖረው በሐይቁ ላይ ለኖረው ወይጦማ ከዚያም የባሰ ነው። ዓሣው ሲመናመን በመጀመሪያ የሚራበው ታንኳ ያለው እንጂ ሞተር ያለው አይደለም።

በዚህ ላይ ሌሎች ጫናዎች ተጨምረዋል። በፎገራ ሜዳ የሩዝ እርሻ ከተስፋፋ ወዲህ አምባዛና የዓሣ ጫጩት የሚጠለሉበት ረግረግ ጠቧል። የተራራው ደን በመራቆቱ ወንዞቹ የሚያመጡት ደለል በዝቷል፤ ጠጠሩም ይሸፈናል። ከወንዞቹ አሸዋና ጠጠር ለግንባታ ይጫናል። በርብ ወንዝ ላይ የተሠራው ግድብና በሌሎቹ ላይ የሚሠሩት የመስኖ መጥለፊያዎች ለእርሻው የሚሰጡት ጥቅም የማይካድ ቢሆንም፣ ለዓሣው ማለፊያ ካልተተወላቸው በር መዝጋት ናቸው። በ2011 እ.ኤ.አ. በሰሜኑ ዳርቻ የታየው እንቦጭም በወንዞች አፍ አካባቢ እየተንሰራፋ መረብ ለመጣልም፣ ለታንኳ ማለፊያም፣ ለዓሣው መጠለያም እንቅፋት ሆኗል።

ከታሪኩ የሚገኝ ትምህርት

የጣና የዓሣ ማስገር ታሪክ ልማትን የሚነቅፍ ታሪክ አይደለም። በ1986 እ.ኤ.አ. ሞተርና መረብ ያመጡት ሰዎች የተራበ ሕዝብ ለመመገብ አስበው ነው፤ መግበዋልም። ስሕተቱ ያለው አስጋሪው ዓሣውን የሚደርስበት አቅም ሲጨምር፣ ዓሣውን የማወቅና የመጠበቅ አቅም አብሮ አለመጨመሩ ላይ ነው። ጀልባው በ1986 እ.ኤ.አ. ገባ፤ ዓሣዎቹ 15 መሆናቸው የታወቀው ከዚያ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፤ አዋጁ የወጣው ደግሞ ከዚያም በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል።

ሁለተኛው ትምህርት ስለ ወቅት ነው። ዓመቱን ሙሉ ሐይቁን መዝጋት አይቻልም፤ አያስፈልግምም። የሚያስፈልገው ጥቂት ወራትና ጥቂት ስፍራዎች ናቸው። ርብ፣ ጉማራ፣ መገጭ፣ ድርማ፣ ግልገል ዓባይና ሌሎቹ ጥቂት ገባሮች ከሐምሌ እስከ ጥቅምት በአፋቸው ቢጠበቁ፣ በእነዚያው ወራት አስጋሪው በሌላው የሐይቁ ክፍል ቆሮሶና አምባዛ እንዲያሰግር ቢረዳ፣ በየወንዙ ዳር ያለው ቀበሌም የጥበቃው ባለቤትና ተጠቃሚ ቢሆን፣ የሚጠፋው ገቢ ከሚተርፈው ያነሰ ይሆናል። በበጋው፣ የዐቢይ ጾም ገበያ ሲደራ፣ እንቁላሉን ጥሎ የተመለሰውን ዓሣ ማስገር ይቻላልና።

ጢስ ዓባይ ለሺህ ዓመታት የጣናን ዓሣ ከውጭ አዳኝ ጠብቆታል። ፏፏቴው ግን ከላይ በኩል ከሚመጣው መረብ ሊጠብቀው አይችልም፤ ያ ሥራ የሰው ነው። መስከረም ሲጠባ፣ ዝናቡ ሲሳሳና የጉማራ ውሃ መጥራት ሲጀምር፣ ከትልልቆቹ ዓሣዎች የቀሩት ዛሬም ወደ ወንዙ አፍ ይሰበሰባሉ። ወደ ጠጠሩ ደርሰው መመለሳቸው ግን በየዓመቱ በእነዚያ ጥቂት ሳምንታት ውስጥ በሚወሰነው ውሳኔ ላይ የተመሠረተ ነው።